ካሜራው ፊት የተባለ «እሺ»

የመጀመሪያ አጭር ፊልም ስለ መሥራት የሚወራው ከሞላ ጎደል ስለ ዕቃ ነው። የትኛው ስልክ በጨለማ ጥሩ ይቀርጻል፣ የአንገት ማይክ ማን ያውሰናል፣ በነጻ የሚወርደው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር የቱ ነው፣ የቀረጻ ቀን ምሳ ማን ይችላል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔና ጓደኞቼም የ11 ደቂቃ ዶክመንተሪ ለመሥራት ስንነሳ ለሳምንታት ያወራነው ይሄንኑ ነበር። ስለ አንድ ነገር ግን ብዙም ሲወራ አልሰማም። ብር አይጠይቅም፣ ኪራይ የለውም፣ ያለ እሱ ግን አንድም ፊልም አይሠራም። የሰዎች «እሺ» ነው።

«ልቅረጽዎት?» «እሺ።» «ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ፣ ብርሃኑ ይሻላል።» «እሺ።» «ቅድም ያጫወቱኝን ካሜራው ፊት ይደግሙልኛል?» «እሺ፣ ምን ችግር አለው።»

እዚህ መጠየቅ የምፈልገው ይሄ «እሺ» እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ ነው። አንድ ሰው እንድቀርጸው ከፈቀደልኝ፣ የቀረጽኩትን ለማያውቀው ሕዝብ እንዳሳይም ፈቅዶልኛል ማለት ነው? ብዙዎቻችን ሳናስበው «አዎ» ብለን ነው የምንሠራው። እኔ ግን ሁለቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው የሚሰጠው ለቀራጩ ነው፤ ሁለተኛው ለፊልሙ። ፊልም ደግሞ ተሠርቶ ሳያልቅ ገና የለም። ስለዚህ ሁለተኛውን ፈቃድ መጠየቅ የሚቻለው ሰውየው ራሱን ፊልሙ ውስጥ ካየ በኋላ ብቻ ነው። ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ሲሠሩት ግን ዋጋ አለው፤ አንዳንዴ ዋጋው ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ ሾት ነው።

ድሃ በር የለውም

የመጀመሪያ ፊልም የሚሠራው ከቅርብ ሰው ነው። ምክንያቱ ፍልስፍና ሳይሆን ኪስ ነው። ለተዋናይ የሚከፈል የለም፣ ስቱዲዮ የለም፣ ስለዚህ ካሜራው የሚዞረው ወደ እናት፣ ወደ አያት፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ሰፈሩ ሊስትሮ ነው። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም። ማርቲን ስኮርሴዚ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ በ1964 እ.ኤ.አ. በሠራው አጭር ፊልም ውስጥ የገዛ እናቱን አስገብቷል፤ እናቱ ኋላ በትልልቅ ፊልሞቹም ላይ ብቅ እያሉ ቀጥለዋል። የመጀመሪያ ሥራቸው ባይሆንም፣ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ገና ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ ወደ አገር ቤት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጹት በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። ካሜራው ፊት የቆሙት አብዛኞቹ ሰዎችም ትወና ሙያቸው አልነበረም።

ከዚህ መንገድ የሚገኝ ውበት አለ። ለ30 ዓመት ምጣድ ፊት የቆመች ሴት እጅ የሚያደርገውን የትኛውም ተዋናይ በልምምድ አያመጣውም። ግን ሌላ ገጽታም አለው።

ካሜራ ይዛችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ዙሩ። ባንክ በር ላይ ካሜራውን ገና ሳታነሱ ጥበቃው «ክልክል ነው!» ይላችኋል። መሥሪያ ቤት አጥር አጠገብ የፈቃድ ወረቀት ትጠየቃላችሁ። የሀብታም ግቢ ዘበኛና ውሻ አለው። አስፋልት ዳር ካርቶን አንጥፎ የተኛን ሰው ስትቀርጹ ግን ማንም አያስቆማችሁም። ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት ብትቆጣ ነው፤ እሷስ ስንቴ ትቆጣለች? ውሃ ወደ ዝቅታ እንደሚፈስ ሁሉ ካሜራም «አይሆንም» ማለት ወደሚከብደው ሰው ይፈሳል። ጀማሪ ፊልም ሠሪ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ የለውም፣ የሚያውቀው ባለሥልጣን የለውም፤ ከማንም በላይ ወደዚያ ዝቅታ የሚወርደው እሱ ነው። ብዙ የመጀመሪያ ፊልሞቻችን ስለ ድሆች የሚሆኑት ለዚህም ይመስለኛል። ስለምናዝን ብቻ አይደለም። ድሃ የሚዘጋው በር የለውም።

«እሺ» ስንት ዓይነት ነው?

አማርኛ «እሺ» ላይ ሰፊ ነው። «ሰማሁ» ማለት ይሆናል። «ቀጥል» ማለት ይሆናል። «እሺ እሺ» ሲደጋገም ወሬው ቶሎ እንዲያልቅ መፈለግ ነው። «እሺ ነገ» ማለት ደግሞ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ጉዳይ ለማስፈጸም መሄድ ይበቃል። የቋንቋው ልጆች ስለሆንን ይህን ሁሉ በድምፁ፣ በዓይኑ፣ በዝምታው ርዝመት እንለየዋለን። የሚገርመው ካሜራ ስንይዝ ይህ ችሎታ ድራሹ ይጠፋል። ያኔ «እሺ» አንድ ትርጉም ብቻ ይኖረዋል፤ እኛ የምንፈልገው።

ከ«እሺ» ጀርባ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታን ብዙ ጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት እናወራዋለን፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ጎረቤት ከጎረቤት ተቻችሎ እንዲኖር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። ፈቃድ ላይ ሲመጣ ግን ሚዛኑን ያዛባል። እስቲ በተቀራጩ ቦታ ቁሙ። ትናንት ያዘልኳት የጎረቤት ልጅ ዛሬ ጓደኞቿንና አንድ ትልቅ መብራት ይዛ በሬ ላይ ቆማ «ትንሽ ልቅረጽዎት» ስትለኝ እንዴት ብዬ ነው «አይ» የምላት? «አይ» ብል እምቢ ያልኩት ፊልሙን አይደለም። ልጅቷን ነው፣ እናቷን ነው፣ እሑድ ዕድር ላይ የማገኛቸውን ሰዎች ነው። ስለዚህ «እሺ» እላለሁ። እሺታው ውሸት አይደለም፤ ከልብ ነው። ግን የተሰጠው ለልጅቷ እንጂ ገና ላልተሠራ ፊልም አይደለም።

ወረቀት ማስፈረም ይህን አይፈታውም። ይሉኝታ ያስፈረመው ፊርማ ያው «እሺ» ነው፤ ልዩነቱ እኔ እጅ ላይ ማስረጃ መቅረቱ ነው። የፈቃድ ቅጽ ቀራጩን ይጠብቃል፣ ይጠቅመኛልም፣ አልጠላውም። የተቀረጸውን ሰው የሚጠብቅ ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ፈቃድ መቼ ነው የሚጠየቀው?

የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ከሌላ በኩልም አውቀዋለሁ። ድሮ አንድሮይድ ስልክ ላይ አፕ ስትጭኑ አንድ ረጅም ዝርዝር ይመጣ ነበር። ካሜራህን ልጠቀም፣ ማይክህን ልጠቀም፣ የስልክ ቁጥሮችህን ልይ፣ ያለህበትን ቦታ ልወቅ። ወይ ሁሉንም ትቀበላላችሁ ወይ አፑን አትጭኑም። የሚያነበው የለም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀበላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ይሄ ተቀየረ። አፑ ካሜራውን ሊጠቀም ሲል፣ በዚያች ቅጽበት ይጠይቃል። ሰውየው ለምን እንደተጠየቀ ከፊቱ ያያል። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከል ይችላል። የፈቀደውንም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መልሶ መንሳት ይችላል። ለኛ ለጻፊዎቹ ሥራው በዛ፤ «ቢከለክለኝስ?» ለሚለው ሁሉ ኮድ መጻፍ ግድ ሆነ። ካሜራ የተከለከለ አፕ ዓይኑ እንደጠፋ ሰው መንገድ ላይ መቅረት የለበትም፤ በሌለው ነገር ሳይሆን ባለው ነገር መሥራት አለበት።

ከዚህ የምወስደው ነገር ፈቃድ ትርጉም የሚኖረው ሦስት ነገር ሲያሟላ እንደሆነ ነው። ነገሩ ሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት ሲጠየቅ፣ ተከፋፍሎ ሊሰጥ ሲችል፣ ተመልሶ ሊወሰድ ሲችል። ታዲያ ፊልም ላይ «ሥራ ላይ የሚውልበት ሰዓት» መቼ ነው? ቀረጻው አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የተኛ ምስል ማንንም አያኮራም፣ ማንንም አያሳፍርም። ሰዓቱ ፊልሙ የሚታይበት ሰዓት ነው።

ሕጋችን ይህን ቀድሞ ተረድቶታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አስተውሉ፤ የሚናገረው ስለ ማንሳት ሳይሆን ስለ ማሳየት ነው። ቀጣዩ አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ሥራ ሲሆን፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ሲያያዝ። ብልጥ ሰው «ፊልም ባህል ነው» ብሎ በዚህ ቀዳዳ ሊሾልክ ይችል ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ መክሰስና መከሰስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. እንኳን ዩቲዩብና ቲክቶክ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ አልተጀመረም ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ግን ምስል ሰውን የሚነካው ሲታይ እንደሆነ ገብቷቸዋል። እኛ በየኪሳችን ካሜራም ሲኒማ ቤትም ይዘን እየዞርን ነው ይህ የጠፋብን።

አንድ ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ

የኛ ፊልም እንጀራ እየጋገሩ ለሰፈሩ ስለሚሸጡ አንዲት ጎረቤት ነበር። እትዬ ብቻ ልበላቸው። ለዚህ ጽሑፍ ስል አንዳንድ ነገራቸውን ቀይሬአለሁ፤ ረቂቁንም አንብቤላቸዋለሁ። ጽሑፍ ፊት ሳያሳይ ማውራት ይችላል። ካሜራ አይችልም።

እትዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳሉ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃቸዋል። አክንባሎውን ባነሱ ቁጥር እንፋሎቱ ሌንሱን ይሸፍነው ስለነበር በየደቂቃው እንጠርጋለን። በሦስተኛው ሌሊት፣ መኖራችንን የረሱት በሚመስል ሁኔታ፣ ቤይሩት ስላለችው ልጃቸው ማውራት ጀመሩ። ሰፈሩ የሚያውቀው ልጅቷ ደህና ቤት እንደምትሠራና ብር እንደምትልክ ነው። እሳቸው ጀርባቸውን ለካሜራው እንደሰጡ፣ ሊጡን ምጣዱ ላይ እያዞሩ፣ «ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ናት እላለሁ። ምን ልበል?» አሉ። አክንባሎውን ከደኑ። ከዚያ እንጀራው እስኪበስል ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችንም ፊልሙ እሱ እንደሆነ አውቀናል።

ቅንብሩ ሲያልቅ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየናቸው። ራሳቸውን ሲያዩ «ውይ፣ እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሲያልቅ «ጎበዞች፣ እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ» ብለው መረቁን፣ ቡና ቀዱልን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው የጠየቁት። «ይሄ ነገር ቤይሩትም ይታያል?»

«ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ይታያል፣ እትዬ። እዚህ ሰፈርም ይታያል።»

«እሺ። እንግዲህ እንደሚሆን አድርጉት።»

ይህን «እሺ» ወረቀት ላይ ብታሰፍሩት ፈቃድ ነው። የሰማ ሰው ግን ያውቀዋል። ጥያቄው ስለ ኢንተርኔት አልነበረም። ሁለት ዓመት የተሸከሙትን ነገር ነገ የዕድሩ ሰው በስልኩ ሊያየው ነው። ልጅቷም የትም ትሁን የት፣ እናቷ ስለሷ ሲዋሹ እንደኖሩ ከማታውቀው ሰው ስልክ ላይ ልታይ ነው። በማግስቱ ብቻዬን፣ ያለ ካሜራ፣ ያለ ጓደኞቼ ሄድኩ። ጥያቄውንም ገለበጥኩት። «ይግባ?» ብዬ ብጠይቃቸው «እሺ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይሉኝታው ወደዚያ ነው የሚገፋቸው። ስለዚህ «እትዬ፣ ስለ ልጅዎ ያወሩትን ብናወጣውስ?» አልኳቸው። ሳልጨርስ «ይሻላል ልጄ» አሉ። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ይሄ ጥያቄ መገልበጥ ትንሽ ዘዴ ይመስላል፤ ለኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። «እሺ» ማለት በሚቀልበት ባህል ውስጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው፣ «እሺ»ው እምቢታውን የሚሸከምበትን ጥያቄ መፈለግ አለበት።

አወጣነው። ፊልሙ ከ10 ደቂቃ በታች ሆነ። ኤዲተራችን ያለኝን ልንገራችሁ፤ «ያንን ካወጣሽው የቀረን የእንጀራ አጋገር ማስተማሪያ ነው።» ተሳስቷል ማለት አልችልም። ቆንጆ እጆች፣ ቆንጆ እንፋሎት፣ መሃሉ ላይ ግን ባዶ ቦታ ያለው ፊልም ነው የሆነው። መልካም ያደረገ ሰው ፊልሙ በተአምር ይሻሻልለታል የሚል ታሪክ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። ፊልሙ ደክሟል።

እውነቱስ?

ጓደኛዬ ግን የተከራከረው ስለ ፊልሙ ጥራት ብቻ አልነበረም። «ይሄ ታሪክ የሳቸው ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ። ልጃቸው ቤይሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ሄዳ ድምጿ የጠፋባቸው ስንት እናቶች አሉ። ሁሉም «ደህና ናት» እያሉ ዝም ካሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሌላው ልጅ ደህና ናት ብሎ ያምናል፣ የሚቀጥለዋም ልጅ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። ዝምታቸውን ስናከብር ዝምታውን እያገዝን አይደለም ወይ?

ከሰማኋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። በአገራችንም አደባባይ ወጥቶ ያውቃል። «ድፍረት» የተባለው ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ፊልሙ ስለ ጠለፋ ነው፤ መነሻው በልጅነቷ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የአንዲት ልጅ እውነተኛ ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ስሟ ተቀይሯል። ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። እግዱን የጠየቀችው ባለታሪኳ ራሷ ነበረች፤ አሁን አዋቂ ሴት ሆናለች፣ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ትላለች። ኋላ እግዱ ተነስቶ ፊልሙ ታይቷል። ማን ትክክል ነበር ብዬ ለመፍረድ አይደለም የማነሳው። ፊልሙ ሊነገር የሚገባው ነገር ተናግሯል። እሷም ልትጠይቅ የሚገባትን ጠይቃለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ መቻላቸው ነው ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው።

እኔ የደረስኩበት መልስ እንዲህ ነው። ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባ እውነት አለ፤ ያንን እውነት የሚከፍል የአንድ ሰው ፊት ደግሞ አለ። የመጀመሪያው የኛ የሁላችን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የባለፊቱ ነው። ስለ ቤይሩት ልናወራ ከፈለግን መንገድ አለ። ራሷ መናገር የምትፈልግ ተመላሽ መፈለግ ይቻላል። ልብ ወለድ መጻፍ ይቻላል፤ ያችኑ «ደህና ናት እላለሁ» የምትለዋን ነገር ተዋናይት ብትላት እውነትነቷ አይቀንስም። የማይቻለው፣ መንገዱ አጭር ስለሆነና እንፋሎቱ ስለሚያምር ብቻ የአንዲትን ሴት ምስጢር ለሌሎች ትምህርት ብሎ መክፈል ነው። ክፍያው ከኛ ኪስ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ከሳቸው ኪስ ነው።

ይህ ማለት የሁሉም ሰው «አይሆንም» እኩል ይመዝናል ማለት አይደለም። የሠራተኛዋን ፓስፖርት የቀማ አሠሪ «አትቅረጹኝ» ቢል አልሰማውም። ባለሥልጣን በሥልጣኑ ስላደረገው ነገር «ይቅር» ቢል የሱ ይቅር አያስቆመኝም። የሱ «አይሆንም» ዘበኛ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ አጥር አለው። የእትዬ «አይሆንም» ያለው አንድ የቡና ላይ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰውየው ጉልበት ባነሰው ቁጥር እምቢታው ሊከብድልን ይገባል። ጀማሪ ካሜራ ደግሞ፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጉልበት ያነሰውን ነው።

ማሳየት ብቻውን በቂ ነው እያልኩም አይደለም። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበውን «ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ»ን ሰሜን ካናዳ ውስጥ ከኢኑይት ሕዝብ ጋር ሲሠራ የቀረጸውን እዚያው እያጠበ ለሰዎቹ ያሳያቸው ነበር። ሰዎቹ አብረውት ሠርተዋል፣ አብረው አይተዋል። ያም ሆኖ ፊልሙ ላይ በጠመንጃ ማደን የለመዱ ሰዎች እንደ ጥንቱ በጦር ሲያድኑ ይታያሉ፤ ለካሜራው ብርሃን እንዲገባ ግማሽ ጎኑ የተከፈተ የበረዶ ቤት ተሠራ፤ የዋናው ሰው እውነተኛ ስምም ናኑክ አልነበረም። እያንዳንዱን ቁራጭ ማየትና ቁራጮቹ ተሰፍተው የሚሉትን ማየት ይለያያል። ትርጉሙ የሚወለደው ቅንብር ላይ ነው። ስለዚህ ሙሉው ነው መታየት ያለበት፤ ከሙዚቃው፣ ከርዕሱ፣ «የት የት ይታያል?» ለሚለው ከሚሰጠው ሐቀኛ መልስ ጋር።

አንድ የመጨረሻ ንጽጽር። ቻርልስ በርኔት የሚባል አሜሪካዊ፣ ከኃይሌ ገሪማ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ በ1970ዎቹ «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተባለ ፊልም በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሰፈር ሠራ። ትልቅ ፊልም ነው። ግን የተጠቀመባቸው ዘፈኖች ፈቃድ ስላልተገዛላቸው እስከ 2007 ድረስ በሲኒማ ቤቶች እንደ ልብ መታየት አልቻለም። ዛሬ ይህን ሁላችንም ተምረናል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ፊልም ከመጫናችን በፊት «ዘፈኑ ኮፒራይት ይይዘው ይሆን?» ብለን ሦስቴ እንፈትሻለን፤ 20 ሴኮንድ ዘፈን ቪዲዮውን እንዳያስወርደው እንፈራለን። ለዘፈን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ 20 ሴኮንድ ለቅሶዋን ለሰጠችን ጎረቤት ያንን ያህል አለመጠንቀቃችን ስለ ሥነ ምግባር ብዙ ስለምናውቅ ወይም ስለማናውቅ አይደለም። ዘፈኑ የሚከራከርለት ስላለ ነው። ለሷ የሚከራከርላት ሰው ካለ፣ ያው ኤዲት የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

«የመጀመሪያ ፊልም ነው፣ ማን ያየዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ የኛንም ያዩት ሰዎች በአንድ አዳራሽ ይገባሉ። ግን አዳራሹ የተሞላው በምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቡ። የመጀመሪያ ፊልም የሚያየው ሩቅ ያለ ሕዝብ አይደለም። ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ የዕድር ሰው ነው፤ ማለትም የተቀረጸው ሰው ፊቱን ሊያሳያቸው የማይፈልጋቸው ሰዎች በሙሉ። ተመልካቹ ሲያንስ ጉዳቱ አያንስም።

አሁን ሁለተኛውን እየጻፍን ነው፤ ልብ ወለድ ነው፣ እናት የምትጫወተዋ ተዋናይት ትከፈላለች። ሁለት ሦስት የሰፈር ሰዎች ግን እንደራሳቸው ሆነው ይገቡበታል። በዕቅዱ ላይ «ቀረጻ» እና «ቅንብር» ከሚሉት ቀጥሎ አዲስ መስመር ጨምረናል፤ «ማሳያ ቀን» ይላል። በዚያ ቀን ሙሉውን ፊልም ከነሱ ጋር እናያለን፤ በማግስቱ ደግሞ አንዳችን ብቻውን ሄዶ «ብናወጣውስ?» ብሎ ይጠይቃል። «ይሻላል» ቢሉን ቦታውን የሚይዝ ሌላ ትዕይንት ከአሁኑ እየጻፍን ነው። ኤዲተራችን በዚህ አልተከራከረም፤ የጠየቀው ነገር ቢኖር ማሳያው ቀን ከማብቂያው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲቀድም ነው። ልክ ነው። «አይሆንም» ለማለትም ለመስማትም ጊዜ ያስፈልጋል።